ዘመድ በሌለበት አገር፦ የሴቶች የእኩልነት ሕግ ታሪክ ከመተማ ሲታይ

መተማ ዮሐንስ ውስጥ "ዘር ማንዘሬ እዚሁ ነው" የምትል ሴት ብዙ አታጋጥምም። ከአባሎቻችን አብዛኞቻችን የመጣነው ከደምቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከአለፋ፣ ከበለሳ፣ ከጎጃምና ከወሎ ነው። አንዳንዶቻችን ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ብለን መጥተን ቀረን። አንዳንዶቻችንን ወደ ሱዳን ስንሻገር ወይም ከሱዳን ስንመለስ እዚሁ ያዘን። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ሰፈራ የመጡ እህቶችም አሉን። ደጋ ላይ ያለች ሴት ባሏ ቢበድላት የምትገባበት የአባት ቤት አላት፤ ወንድም አላት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሽማግሌዎች አሏት። እዚህ ግን ወንድሟ ሩቅ ነው፤ ሽማግሌ ተብሎ የሚቀመጠውም ብዙ ጊዜ የባሏ የሥራ ባልደረባ ነው። ስለዚህ እዚህ ቆላ ሕግ ከደጋው ይልቅ ይፈለጋል። ዘመድ ይሠራው የነበረውን ሥራ ወረቀት ይሠራዋል ተብሎ ይጠበቃልና።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አባሎቻችን በቁጠባ ስብሰባ ላይ ደጋግመው ስለጠየቁን ነው። "ይህ የሴቶች እኩልነት የሚባለው ሕግ ከመቼ ወዲህ ነው? ከዚያ በፊትስ ምን ነበር?" ይላሉ። ደጋፊዎቻችንም በበኩላቸው ለምን የቁጠባ ማኅበር ስለ ሕግ እንደሚያወራ ይጠይቁናል። ለሁለቱም መልሱ አንድ ስለሆነ በአንድ ላይ ጻፍነው።

ታሪኩን ከዚህችው ከተማ መጀመር ይቻላል፤ ለመስማት ግን ደስ አይልም። መተማ በ19ኛው መቶ ዘመን በጎንደርና በሱዳን መካከል ትልቁ የድንበር ገበያ ነበረች። ቡናው፣ ሰሙ፣ ከብቱና ጥጡ በዚህ ያልፋል። ሰውም ያልፍ ነበር። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1862 በዚህ ሲያልፍ በሰሌን በተሠሩ ዳሶች ውስጥ ተቀምጠው ገዢ የሚጠብቁ ልጃገረዶችን አይቷል፤ ዕድሜያቸው ገና የልጅነት ዕድሜ ነበር። ብዙዎቹ ከሩቅ ደቡብ የተነዱ ናቸው። ከዚህ ከቅርባችን ደግሞ የጉሙዝ ሕዝብ ከደጋውም ከሱዳንም በኩል በባሪያ ፈንጋዮች ሲታደን ኖሯል። ዛሬም በመተማና በቋራ ከእኛ ጋር የሚኖሩ የጉሙዝ እህቶቻችን አያቶች ታሪክ ነው። በእነርሱ ላይ የወጣው የስድብ ስም እስካሁን በአንዳንድ ሰው አፍ አልጠፋም፤ እዚህ ልንጽፈው አንፈልግም።

ከተማችን ስማቸውን የያዘችላቸው አፄ ዮሐንስ አራተኛ በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ፣ ብዙ ሰው ከሚያውቀው የምፅዋና የቦጎስ ውል ሌላ፣ የባሪያ ንግድን ለማስቀረት የተፈረመ ሁለተኛ ውል ነበር። ብዙ አይነገርለትም። ውሉ ግን በመተማ ገበያ ላይ የነበረውን ነገር በአንድ ጊዜ አላቆመውም። ከአራት ዓመት በኋላ በጥር 1880 ዓ.ም. የድርቡሽ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል ብዙ ሴቶችና ሕፃናት ተማርከው በዚሁ መንገድ ወደ ሱዳን ተነዱ። ንጉሡም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚሁ መተማ ላይ ወደቁ።

ባርነትን የሚያስቀር የመንግሥት ሕግ ደረጃ በደረጃ ነው የመጣው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ደንብ ወጣ። ሙሉ በሙሉ የከለከለው አዋጅ የወጣው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። ይህን ያነሳነው የእኩልነት ሕግ ታሪክ ያለዚህ ጉዳይ ስለማይሟላ ነው። ከገበያው ተጠቂዎች ብዙዎቹም ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። የነፃነት አዋጁ ከወጣ በኋላ ብዙዎቹ እዚያው ጌቶቻቸው ቤት ወጥ ቤትና ገረድ ሆነው መቅረታቸውን አንርሳ። ወደኋላ ስለ ቤት ሠራተኞች ስንመጣ ይህ ነገር ይመለሳል።

አንድ ነገር በመሐል እናንሳ። በሥልጠናዎች ላይ "ድሮ የኢትዮጵያ ሴት ምንም መብት አልነበራትም" ሲባል እንሰማለን። ይህ ትክክል አይመስለንም። በጎንደርና በጎጃም የርስት ሥርዓት መሬት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር። ሴት ልጅም ከወንድሞቿ ጋር ድርሻ ነበራት። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉ የመሬት ውሎችን ያጠኑ የታሪክ ሰዎች መሬት የሚሸጡ፣ የሚገዙና የሚያወርሱ ሴቶችን ስም በብዛት አግኝተዋል። እቴጌ ምንትዋብን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ችግሩ ሌላ ነበር። ሴት ስታገባ ወደ ባሏ አገር ስለምትሄድ፣ የእናት ርስቷን ለመጠየቅ ወይ ጉልበት ያለው ወንድም ወይ ልጅ ያስፈልጋታል። መብቱ ነበረ፤ ለማስከበር ግን ዘመድ ይፈልግ ነበር። እዚህ ቆላ ደግሞ የርስት አገር አልነበረም። ወባው፣ ሙቀቱና የድንበሩ ሽፍትነት ሰውን ስላራቀው፣ የዚህ አገር ሕይወት ከጥንት ጀምሮ የመጤ ሕይወት ነው።

አሁን ወደ ዘመናዊው ሕግ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው በሕግ እኩል ጥበቃ እንደማይነፈግና በሲቪል መብቶች አጠቃቀም በኢትዮጵያውያን መካከል ልዩነት እንደማይደረግ ጻፈ። ሴቶች መምረጥና መመረጥ ቻሉ። በዚያ ሕገ መንግሥት በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት፣ የመጀመሪያዋ የፓርላማ ሴት አባል ሆኑ። ይህ ሁሉ ያስደስታል።

ከዚያ በአራት ዓመቱ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ስለ ጋብቻ የሚለውን ክፍል ለአባሎቻችን ስናነብላቸው አንዳንዶቹ ሳቁ፣ አንዳንዶቹ ዝም አሉ። ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይላል። ሕግን እስካልተቃረነ ድረስ ሚስት ባሏ ያዘዛትን ትታዘዛለች ይላል። የጋራ መኖሪያውን የሚመርጠው ባል ነው። የጋራ ንብረቱን የሚያስተዳድረውም በመሠረቱ እርሱ ነው። ባል የሚስቱን ውሎና ግንኙነት መቆጣጠር፣ ጠባይዋንም መምራት ይችላል። ባል ቤት ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ የመሥራት ግዴታ የሚስት ነው። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ነበር። ሕጉ ያረቀቁት በፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሁሉ "የእኛ ባህል ነው" ብሎ ማለፍ አይቻልም። ከአገር ልማድም የተወሰደ አለ፤ በዚያ ዘመን ፈረንሳይም ውስጥ ባል የቤተሰብ ራስ ነበር። ሁለት አገር ተገናኝቶ አንድ ራስ አወጣ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ለቆላ ሴት ከባድ የነበረው የፍቺው ሥርዓት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ብዙ ጊዜም በጋብቻው ቀን ምስክር የነበሩት ናቸው። ንብረቱንም ያካፍላሉ። በሕጉ "ከባድ ምክንያት" ከሚባሉት ውስጥ የማይገባ ምክንያት ይዛ ፍቺ የጠየቀች ሴት ከጋራው ንብረት ድርሻዋ ሊቀነስባት ይችል ነበር። ማለትም ባሏን መታገሥ ያቃታት ሴት ለመውጣት ትከፍላለች። ወላጆቿ ባሉበት አገር ቢያንስ ከሽማግሌዎቹ ግማሹ የእርሷ ወገን ናቸው። መተማ ላይ ግን አንዲት ብቻዋን የመጣች ሴት ከየት ሽማግሌ ታመጣለች?

ሌላው ያለ ሰማንያ አብሮ መኖር ነው። ይህ በእኛ ከተማ ብርቅ አይደለም። ሰውዬው ለእርሻ ወቅት ይመጣል፣ ሴትዮዋ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፣ ብሩን ታጠራቅማለች፤ ሁለት ዓመት ሦስት ዓመት ይሆናል፣ ልጅ ይወለዳል። የድሮው ሕግ እንዲህ ያለውን ኑሮ ቢያውቀውም ለሴቷ የንብረት ድርሻ አይሰጣትም ነበር። ሲለያዩ ቢበዛ የጥቂት ወራት ቀለብ ነው። ቤቱን የሠሩት አብረው ቢሆንም ቤቱ የእርሱ ነው።

የአብዮቱ ዘመን በወረቀት ላይ ብዙ ለወጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬት ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ ይሰጣል ይላል። ነገር ግን መሬቱ የተደለደለው በቤተሰብ ነው። የቤተሰቡ ስም ደግሞ የባል ስም ነው። በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ ሴት በስሟ የምትገባው ባሏ ሲሞት ወይም ብቻዋን ስትኖር ነበር። በ1973 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደረግ ማንኛውንም ዓይነት መድልዎ ለማስወገድ የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጸደቀች፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን "ባል ራስ ነው" እንዳለ ቀጠለ። በዚያ ዘመን የነበረው የሴቶች ማኅበር እናቶቻችንን ማንበብና መጻፍ በማስተማር በኩል ያደረገውን አንክድም። ለስብሰባና ለመዋጮ መጥራቱም ያልረሳነው ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ በዘር፣ በቀለም፣ በጾታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት ወይም በሌላ አቋም ልዩነት እንደማይደረግ ይናገራል። አንቀጽ 34 ባልና ሚስት ሲጋቡም፣ በጋብቻ ውስጥም፣ ሲፋቱም እኩል ናቸው ይላል። አንቀጽ 35 ደግሞ ለሴቶች የተጻፈ ነው። ከወንድ እኩል መሆን ብቻ ሳይሆን ባለፈው ታሪክ የደረሰው በደል እንዲካስ ልዩ ድጋፍ ይገባቸዋል ይላል፤ መሬትን ጨምሮ ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የመውረስ መብታቸውንም ይዘረዝራል። ለእኛ አንቀጽ 35 በግድግዳ ላይ ሊሰቀል የሚገባው ነው።

ታዲያ ሕገ መንግሥቱ ከወጣ በኋላም የ1952ቱ ሕግ ወዲያው አልተሻረም። የቤተሰብ ሕግ ተሻሽሎ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩ 213/1992። ለዚህም በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደርሰዋል። ይሁን እንጂ የቤተሰብ ጉዳይ የክልሎች ሥልጣን ስለሆነ ይህ ሕግ የጸናው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ነበር። የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 ያወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። እነዚህን ሦስት ዓመታት እናስባቸው። በ1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ የምትኖር ሴት ከባሏ እኩል ንብረቷን ስታስተዳድር፣ መተማ የምትኖር ሴት በሕጉ ጽሑፍ ገና ታዛዥ ነበረች። ሕገ መንግሥቱ አንድ ነው፤ እህቶቹም አንድ አገር ናቸው። ደጋፊዎቻችን "ለምን የክልል ሕግ ትከታተላላችሁ?" ሲሉን መልሳችን ይህ ነው።

አዲሱ ሕግ ያመጣው ለውጥ ባጭሩ እንዲህ ነው። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። የቤተሰብ ራስ የሚባል ነገር ቀረ። የጋራ ንብረትን ሁለቱም ያስተዳድራሉ፤ ቤት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ እንጂ አይፈርዱም። በስምምነት መፋታት ይቻላል፤ ፍቺ የጠየቀም ስለጠየቀ ብቻ አይቀጣም። ያለ ሰማንያ አብረው የሚኖሩትንም በሚመለከት የፌዴራሉ ሕግ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ጊዜ እንደ ባልና ሚስት ከኖሩ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው ይላል፤ የክልላችንም ሕግ በዚሁ አቅጣጫ የተቀረጸ ነው። ስለዚህ "ሰማንያ የለሽም፣ ውጪ" የሚለው ነገር በሕግ ፊት እንደ ድሮው አይሠራም። ግን ሴትዮዋ አብራው እንደኖረች ማስረዳት አለባት። ጎረቤት፣ የእድር መዝገብ፣ የልጅ ልደት ምስክር ወረቀት፣ የቁጠባ ደብተር ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። በማኅበራችን መዝገብ ላይ የአባል አድራሻና የመኖሪያ ጊዜ በጥንቃቄ የምንመዘግበው ለዚህ ጭምር ነው።

የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች አዲሱ ሕግ ቀድሞ የጸናባቸውን አካባቢዎች ካልጸናባቸው ጋር አነጻጽረው፣ ሕጉ በጸናበት ሴቶች ከቤት ውጭ በሚሠራ፣ ዓመቱን ሙሉ በሚዘልቅና የተሻለ ሙያ በሚጠይቅ ሥራ ላይ ይበልጥ እንደተሰማሩ አሳይተዋል። እኛ በዓይናችን ስለምናየው አልገረመንም። ንብረቷን መያዣ ለማድረግ ወይም ሱቅ ለመክፈት ባሏን የማታስፈቅድ ሴት ነገሯን ፈጥና ትሠራለች።

ሙስሊም እህቶቻችን ብዙ ናቸውና ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤትም እንናገር። ሕገ መንግሥቱ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ብቻ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ ይችላል ይላል። ከሁለቱ አንዱ ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። አንዲት ሙስሊም ሴት በውርስ ክርክር ሳትፈቅድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ስለተወሰነባት እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ድረስ ሄዳ በ1996 ዓ.ም. ውሳኔው ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ተብሎላታል። ቃዲ ፊት መዳኘት የምትፈልግ እህት ሙሉ መብቷ ነው። ዝም ብላ ስለቀረበች እንደፈቀደች እንዳይቆጠርባት ግን አለመስማማቷን ገና ከመጀመሪያው መናገር ይኖርባታል።

የወንጀል ሕጉ ነገርም አለ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። ጋብቻው እንደ ይቅርታ ይቆጠራል ማለት ነው። በ1989 ዓ.ም. ግድም አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠልፋ ስታመልጥ ጠላፊዋን በጥይት ገደለች፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆሞላት ራስን መከላከል ነው ተብላ ነፃ ወጣች። "ድፍረት" የተባለው ፊልም በዚህ ታሪክ ላይ ነው የተሠራው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት አስቀጣ፤ ጠላፊው አገባኋት ቢልም ከክስ አያመልጥም። ያለ ዕድሜ ጋብቻም ወንጀል ሆነ፦ ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት እስራት። የሴት ልጅ ግርዛትና በትዳር ውስጥ የሚደረግ ድብደባም በስማቸው ተጠርተው ወንጀል ተባሉ። የዕድሜው ነገር ግን በማስረጃ ያልቃል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደች ልጅ ዕድሜዋን የሚናገሩላት አባቷ ናቸው። ሊድሯት የሚፈልጉትም እርሳቸው ናቸው።

መሬት። ስለ መሬት ብዙ መናገር ይቻላል፤ እኛ አንድ ነገር ላይ እናተኩር። የአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ባደረገባቸው ወረዳዎች ሴቶች በስማቸው ድርሻ አገኙ። ያ ሽግሽግ ብዙ ሰው ያስቀየመና እስካሁን በቂም የሚነሳ ነው፤ ለብዙ ባል አልባ ሴቶች ግን የመጀመሪያ መሬታቸው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ቀጥሎ በአዋጅ 46/1992፣ በ133/1998 እና በ252/2009 የክልሉ የመሬት አስተዳደር ሕግ ተሻሻለ። በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በወሎና በጎጃም ቀበሌዎች ተሞክሮ በመላው ክልል የተስፋፋው የይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ከዚያ በፊት መሬቱን በማከራየት ወይም ለልጅ በማውረስ ስም ሚስት ሳታውቅ ማሳለፍ ቀላል ነበር። አሁን ፎቶግራፏ ያለበትን ደብተር ይዞ ብቻውን ቢሮ የሚሄድ ባል "እሷስ?" ይባላል። አንዲት አባላችን "መልኬ ሳይፈቅድ መሬቴ አይሄድም" ብላናለች።

በሰፈራ የመጡት ቤተሰቦች እስከ ሁለት ሄክታር ተብሎ ነበር የመጡት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሰፈራው ጊዜ መዝገብ ላይ የገባው አባወራው ነው፤ ከዚያ የሞተ አለ፣ ወደ ደጋ ተመልሶ ሌላ ያገባ አለ፣ ሱዳን ገብቶ የቀረ አለ። ሚስት መሬቱ ላይ አለች፣ ስሟ ግን ደብተሩ ላይ መኖሩን አታውቅም። በቆላው ትልልቅ እርሻ ላይ ለአጨዳና ለለቀማ የሚቀጠሩት እህቶቻችን ደግሞ መሬት የላቸውም፤ የእነርሱ ጥያቄ የቀን ሒሳብ ነው። የሥራ ሕጉ (አዋጅ 1156/2011) በጾታ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን አሳድጓል። በየእርሻው ካምፕ ግን ውሉ በቃል ነው፤ ሰው የሚቆጠረው በደላላ ነው። ለተመሳሳይ ሥራ ለወንድና ለሴት የተለያየ ብር ተከፈለ ብለው የነገሩን እህቶች አሉ፤ ማስረጃ ስጡን ስንል ወረቀት የላቸውም።

ድንበር ላይ ስለምንኖር የዜግነትን ነገርም ብናስታውስ ጥሩ ነው። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የድሮው የዜግነት ሕግ እናቱ ወይም አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ሲል ለዘመኑ ቀደም ያለ ነበር። በሌላ በኩል ግን የውጭ ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ጋብቻ ዜግነትን አያሳጣም አለ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅም (378/1996) ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ኢትዮጵያዊ መሆኑን አጸና። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በመተማ በር ከገቡት መካከል ሱዳናዊ ያገቡ፣ ልጆቻቸውን ይዘው የተመለሱ ኢትዮጵያውያት አሉ። "አባቱ የለም፣ ልጁን ልንመዘግብ አንችልም" የተባሉ እናቶች ወደ እኛ መጥተዋል። ሕጉ የእናትን ኢትዮጵያዊነት በቂ ያደርገዋል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው አብሯቸው ሲሄድ ነገሩ ይቀላል። ስደተኛ ሆነው የመጡ ሱዳናውያት እህቶችም በስደተኞች አዋጅ 1110/2011 መሠረት ያለ መድልዎ የመስተናገድ መብት አላቸው። እኛ ሱዳን በስደት በነበርንበት ጊዜ ሻይ ስንሸጥ ምን እንደሚመስል ስለምናውቅ ለገበያችን እንግዳ አይደሉም።

ለደጋፊዎቻችን የሚሆን አንድ ምዕራፍ ይቀራል። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1993 ዓ.ም. መጨረሻ ለአጭር ጊዜ ታግዶ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ 621/2001 ወጣ፤ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በጾታ እኩልነት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የሴቶች ጠበቆች የባንክ ሒሳብ ተያዘ፤ ብዙ ሠራተኞች ተበተኑ፤ ነፃ የሕግ ምክር ይሰጡ የነበሩ ቦታዎች ተዳከሙ። በዚያ ዘመን እንደ እኛ ያሉ ማኅበራት ፍየል ማደለብና ሳሙና መሥራት ይፈቀድላቸው ነበር፤ ፍየሉ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ማንሳት ግን የሚያስፈራ ሆነ። ሕጉ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1113/2011 ተተካና ክልከላው ተነሳ። አሥር ዓመት ማለት አንዲት የ10 ዓመት ልጅ 20 የምትሞላበት ጊዜ ነው፤ ያንን ክፍተት እስካሁን እየሞላን ነው።

ሕጉ ገና ያልደረሰበትም አለ። ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩና እዚያው የሚያድሩ እህቶች በሥራ ሕጉ ሙሉ ጥበቃ ውስጥ አልገቡም፤ በልዩ ደንብ ይታያል ተብሎ ተትቷል። እስከዚያው የሚጠቀሰው የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እርሱም እዚያው ቤት የሚኖርን አገልጋይ የሥራ ሁኔታ ለአሠሪው ኅሊና ይተወዋል። ለኅሊና! በአንድ በኩል በሱዳንና በዓረብ አገር ቤት ሠራተኛ ስለሆኑ ልጆቻችን እንጮሃለን፤ የሕገ ወጥ ዝውውር አዋጅም (1178/2012) አውጥተናል። በሌላ በኩል ጎረቤታችን ቤት ውስጥ ያለችው የ14 ዓመት ልጅ ደመወዝ ትቀበል አትቀበል የሚጠይቅ የለም። ከአባሎቻችንም ቤት እንደዚህ ያሉ ልጆች አሉ፤ ስለዚህ ጉዳዩን ለሌላ ሰው መተው አንችልም። በ1934ቱ አዋጅ ነፃ የወጡት ሴቶች ወጥ ቤት ሆነው እዚያው ቀሩ ብለን ከላይ ያነሳነው ለዚህ ነው።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ሁላችሁም የይዞታ ደብተራችሁን፣ የልጆቻችሁን የልደት ወረቀት፣ ሰማንያ ያላችሁም ሰማንያችሁን ይዛችሁ ኑ። ማንበብ የሚችሉት ለማይችሉት ያነቡላቸዋል፤ ስሟና ፎቶግራፏ የሌለባት፣ ወይም ፊደሉ የተሳሳተባት እህት ትመዘገብና ከጸሐፊያችን ጋር ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት በቡድን እንሄዳለን። በሰፈራ የመጣችሁና ባላችሁ ርቆ የሄደባችሁ እህቶች በቅድሚያ ትስተናገዳላችሁ። ቤት ሠራተኛ ያላችሁ አባላት ደግሞ ልጅቷን ይዛችሁ ኑ፤ የቁጠባ ደብተር በራሷ ስም እንከፍትላታለን።